ኮምፕረሰር ሲጮኽ፤ ከመግዛት መመርመር ይቅደም



በንግድ ሥራ ላይ የሚውል መኪና ከነጋዴው ሚዛንና ከመዝገቡ ተለይቶ የሚታይ ንብረት አይደለም። መኪናው ከቆመ ዕቃው ይቆማል፤ ዕቃው ከቆመም ገንዘቡ ይታሰራል። ስለዚህ ዛሬ በምክር ቤታችን ሳምንታዊ ጽሑፍ ላይ የማቀርበው ሐሳብ ስለ አሮጌ መኪና አየር ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር ጩኸት ቢሆንም፥ ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የአስመጪውም፥ የባለ ሱቁም፥ የባለ መኪናውም መሆኑን አስቀድሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

አንዳንድ ሰው «አየር ማቀዝቀዣ የድሎት ዕቃ ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃል» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር መንገዳችንን ካለማሰብ የመጣ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚሄደው መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ ከሚመጣው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከዚህች መገናኛ የሚነሣ የነጋዴ መኪና አንድ ሳምንት በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ቈላ ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ጉና ተራራ አካባቢ ይወጣል። በቈላው ሙቀቱ ሾፌሩን ያደክመዋል። በደጋው ግን በክረምት ቅዝቃዜውና የተሳፋሪው ትንፋሽ መስተዋቱን በጉም ይሸፍኑታል። ማቀዝቀዣው አየሩን ከማብረዱም በላይ እርጥበቱን ስለሚቀንስ፥ ከማሞቂያው ጋር ሲሠራ መስተዋቱን ቶሎ ያጠራዋል። የሾፌር ዐይን መንገዱን እንዲያይ የሚረዳውን ዕቃ የድሎት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የመኪኖቻችን ዕድሜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ በብዙ ቀነሰ። እንግዲህ አሮጌው ቶዮታና አሮጌው አይሱዙ ገና ለብዙ ዘመን አብሮን ይኖራል፤ መለዋወጫውም በውድ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ያለ ምክንያት የተለወጠ አንድ ኮምፕረሰር ከባለ መኪናው ኪስ ብቻ ሳይሆን ከአገርም ሀብት የጐደለ ገንዘብ ነው።

ያለ ምክንያት ሲለወጥም አይተናል። እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት አንድ አሮጌ ፒክአፕ አለው። ባለፈው ክረምት ይህ መኪና ይጮኽ ጀመር፤ ማቀዝቀዣው ሲበራም ጩኸቱ ይብስ ነበር። ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካደመጠ በኋላ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ያገለገለ ኮምፕረሰር ተገዝቶ ተገጠመ፤ ወጪውም በመዝገብ ገባ። መኪናው ገና አዲስ ዘመን ሳይደርስ ያው ጩኸት ተመለሰ። በሌላ ስፍራ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን አወለቁና ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አሽከረከሩ። ጥፋቱ ቺንጋውን በሚወጥረው ትንሽ ፑሌጃ ኩሽኔታ ላይ ተገኘ፤ ጭቃና ውሃ ገብቶበት ግራሶውን አጥቦታል። የኩሽኔታው ዋጋ ከኮምፕረሰሩ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

እኒህ ሽማግሌ ያደረጉት ነገር ጥንታዊ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ አየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፥ ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ የሚለይ ፍሪሲዮን አልነበረውም፤ ማቀዝቀዣው በማይፈለግበት ወራት ቺንጋው ይወልቅ ነበር። ዛሬ ፍሪሲዮን አለ፤ ሆኖም ቺንጋን አውልቆ መመርመር እጅግ ርካሽና የታመነ ዘዴ ሆኖ ቀርቷል።

የምርመራው ተራ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሞተሩ ተነሥቶ ማቀዝቀዣው ሳይበራ ይደመጥ። ያን ጊዜም ጩኸት ካለ፥ ፍሪሲዮኑ ገና ስላልያዘ የኮምፕረሰሩ ውስጥ አልሠራም፤ ጥፋቱ በፑሌጃ ኩሽኔታ ወይም በቺንጋ ላይ ይፈለግ። ቀጥሎ ማቀዝቀዣው ይብራ። በበራ ጊዜ የሚያፏጭ ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም ዘይት ነክቶታል። የሚንኳኳ ከሆነ ኮምፕረሰሩን ያሰሩት ብሎኖች ይፈተሹ። ፍሪሲዮኑ ቶሎ ቶሎ ቀጭ እያለ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጋዝ ማነስ ምልክት ነው። ማቀዝቀዣው በበራ ቍጥር ሳያቋርጥ የሚያጓራና የሚፈጭ ድምፅ ከሆነ ግን በእርግጥም የኮምፕረሰሩ ውስጥ ተበልቶ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ እየሠራ እጅም ሆነ የልብስ ጫፍ ወደ ቺንጋው አይቅረብ።

ኮምፕረሰሩ በእውነት ከተበላም አዲሱን መግጠም ብቻ አይበቃም። የብረት ብናኙ በቱቦዎቹ ውስጥ ተበትኗልና ቱቦው ሳይታጠብ፥ የማድረቂያው ማጣሪያም ሳይለወጥ የተገጠመ ኮምፕረሰር የፊተኛውን ዕጣ ይከተላል።

የፎገራ ሜዳ ለዚህ ዕቃ ሁለት ጠላቶች አሉት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ በዚያ የሚያልፍ መኪና ፑሌጃዎቹ በጭቃ ይነከራሉ። በበጋ ደግሞ ሩዝ ይፈተጋል፤ ከየወፍጮው የሚነሣው ገለፈትና አቧራ ከራዲያተሩ ፊት በቆመው ኮንደንሰር ክንፎች መካከል ይጠቀጠቃል። ነፋስ የማያገኝ ኮንደንሰር ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል የጋዙ ግፊት ይጨምራል፤ ኮምፕረሰሩም ከዐቅሙ በላይ እየገፋ ያቃስታል። መኪናው ሲቆም የሚብስ፥ ሲሮጥ የሚቀንስ ጩኸት ከተሰማ ኮንደንሰሩ ክንፎቹን በማያጣምም ቀስ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ቬንትሌተሩም መዞሩ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የንግድ ሰዎችን የሚመለከተው የጋዙ ነገር ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ካነሰ በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፥ ቀዳዳው ሳይደፈን በየጊዜው ጋዝ ብቻ መሙላት ኮምፕረሰሩ በደረቁ እንዲሠራ መፍረድ ነው። ከመጠን በላይ መሙላትም ያስጮኸዋል፤ ይሰብረዋልም።

የጋዙ ዐይነትም አንድ አይደለም። በጣም አሮጌዎቹ መኪኖች የተሠሩት ለአር-12 ነበር። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጐዳ በ1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት ቀስ በቀስ እንዲቀር ተደረገ፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆነች። በቦታው የተተካው አር-134ኤ ነው። የፊተኛው በማዕድን ዘይት ሲሠራ የኋለኛው ፓግ የሚባለውን ዘይት ይፈልጋል፤ ይህን ሳይለዩ መቀላቀል ኮምፕረሰሩን ያጠፋዋል።

ሐሰተኛ ጋዝ ደግሞ ከኮምፕረሰርም አልፎ ሰው ይገድላል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በቬትናምና በብራዚል የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ሲጠገኑ ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል። ምክንያቱ ሲመረመር «አር-134ኤ» ተብሎ በተሸጠው ጋዝ ውስጥ ሜቲል ክሎራይድ መቀላቀሉ ታወቀ፤ ይህ ነገር ከአሉሚንየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ውሑድ ይፈጥራል። በሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አምኖ መሸጥ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ለምክር ቤታችን ሦስት ነገር ለማመልከት እደፍራለሁ። አንደኛ፥ አስመጪው የጋዙን ዐይነት፥ የዘይቱን ዐይነትና የኮምፕረሰሩን ቍጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ጋዙንም ከታወቀ ፋብሪካ ብቻ ይግዛ። ሁለተኛ፥ ባለ ሱቁ ያገለገለውን ዕቃ «ያገለገለ» ብሎ ይሽጥ፤ ተሞክሮ የሚመለስበትንም ቀን ይወስን። ሦስተኛ፥ ጋራዡ ኮምፕረሰር ለመለወጥ ከመወሰኑ አስቀድሞ ቺንጋው ወልቆ ምን እንደ ተገኘ በጽሑፍ ለባለ መኪናው ይስጥ፤ አሮጌውንም ዕቃ ይመልስለት።

«ይህ ሽያጫችንን ይቀንሳል» የሚል ባለ ሱቅ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በዚህ ወር የሚሸጠው ኮምፕረሰር በአንድ ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ቺንጋ፥ ኩሽኔታ፥ ማጣሪያና ትክክለኛ ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ደንበኛው በየጊዜው ይመለስለታል፤ አንድ ጊዜ ያለ አግባብ ኮምፕረሰር የገዛ ሰው ግን ከእንግዲህ ዕቃውን ባሕር ዳር ወይም ጐንደር ሄዶ ይገዛል። ደረቅ ወደብ የተሠራላት የወረታ ከተማ የንግድ መገናኛነቷ የሚጸናው ገዢዋ ሲያምናት ነው። እምነትም በደረሰኝ ላይ እንደሚጻፍ ዋጋ ሁሉ ተቈጥሮ የሚጠበቅ የነጋዴ ሀብት ነው።

ከወረታ፥
አንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ