ዜግነት፣ ቢጫ ካርድና የሠርቶ አደሩ ጥያቄ

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ዓይነት ስደተኛ ወገኖቻችን ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት የተመለሰችው እኅታችን የኢትዮጵያን ፓስፖርት፣ በአሜሪካ ሲለፋ የኖረው ወንድማችን ደግሞ የአሜሪካን ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ ያሳያሉ። ሁለቱም በላባቸው አድረዋል፤ ሁለቱም ለወላጆቻቸው ገንዘብ ልከዋል። በሕግ ፊት ግን እርሷ ዜጋ፣ እርሱ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ» ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ማንንስ ይጠቅማል?

የሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል ሲል ደነገገ። በ1966ም ሆነ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓት ሲለወጥ ይህ መርሕ አልተለወጠም። በእግሩ የተተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996ም በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 በበኩሉ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይነጠቅ ያረጋግጣል። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ነው። ከሥራው እንዳይፈናቀል፣ ቤተ ሰቡን ወደ ራሱ ለማምጣት ሲል በባዕድ አገር የማለ ሠራተኛ የፈለገው እንጀራውን ማጽናት እንጂ አገሩን መካድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 የቢጫ ካርድ ባለቤት ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ፣ እንደ አገር ተወላጅ ባለሀብት እንዲነግድ ፈቀደ። አዋጅ ቁጥር 1159/2011 ደግሞ የባንክ አክሲዮን በር ከፈተለት። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። በሰሚት ወይም በአያት ቤት ሠርቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር እድር ገብቶ የሚኖር ሰው በአካባቢው አስተዳደር ላይ ድምፅ የለውም። ከዚህ የምንረዳው በሩ አስቀድሞ ለገንዘቡ መከፈቱን፣ ለሰውየው ግን ገና ገርበብ ማለቱን ነው።

የተቃዋሚዎች ሥጋት በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ችግር ሲመጣ በሁለተኛ ፓስፖርቱ የሚወጣ ሰው በማይወጣው ሕዝብ ዕጣ ላይ እንዴት ይወስናል? ይላሉ። ለዚህ መልስ የሰጡ አገሮች አሉ። ኬንያ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በትውልድ ኬንያዊ የሆነ ሰው ሌላ ዜግነት ቢይዝም ዜግነቱን እንዳያጣ ስትደነግግ፣ ለከፍተኛ የመንግሥት ሹማምንት ግን ጥምር ዜግነትን ከለከለች። ጀርመንም ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ፈቅዳለች።

ይሁንና ያቺን እኅታችንን አንርሳት። በሊባኖስ ወይም በኩዌት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ላለ ሠራተኛ ሁለተኛ ዜግነት የሩቅ ሕልም ነው። ጋሻዋ ያው አንዱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ስለዚህ ጥምር ዜግነትን የሚፈቅድ ሕግ ብቻውን ከወጣ የተሻለ ዕድል ያገኘውን ይጠቅማል፤ እርሷን ባለችበት ይተዋታል።

በመሆኑም አቋማችን ይህ ነው፦ በእንጀራ ምክንያት የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ወገን ኢትዮጵያዊነቱን አይጣ፤ የሥልጣን ወንበር ግን በአንድ ዜግነት ይያዝ፤ ኤምባሲዎቻችንም አንድ ፓስፖርት ብቻ ላላት ሠራተኛ አስቀድመው ይቁሙ። ሦስቱ ተነጣጥለው አይታዩም። የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት በየስብሰባቸው ይወያዩበት፤ ዜግነት የባለገንዘቡ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።