አፈር የሚበላ ልጅ

አፈር የሚቅም፣ ከግድግዳ ላይ ቀለም እየፈረፈረ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ስናይ መቆጣት ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን አፈር መብላት ከብረት እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። የተፈረፈረው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ካለበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

አንጀታችን ብረትን ወደ ደም የሚያሳልፍበት ፕሮቲን አለው። ሰውነት ብረት ሲያጥረው ይህን ፕሮቲን ያበዛል፤ እርሳስም በዚያው ተሻምቶ ይገባል። ካልሲየም ሲያንስም የሚገባው እርሳስ ይጨምራል። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ አንድ አሥረኛ ገደማ ወደ ደሙ ሲገባ፣ ሕፃን ግማሽ ያህሉን ሊወስድ ይችላል። ከገባ በኋላ ሄሞግሎቢን ለመሥራት የሚያስፈልገውን፣ ያለ ዚንክ የማይሠራ ኢንዛይም ያሰናክላል፤ ብረቱም በሄሞግሎቢኑ ውስጥ ቦታውን እንዳይዝ ያግደዋል። በዚህም የተነሳ ከብረት እጥረት የመጣው የደም ማነስ ይብሳል፤ የደም ማነሱ ሲብስ ደግሞ ሌላ እርሳስ ይገባል።

ለእርሳስ መጋለጥ የሚጀምረው ከማኅፀን ነው። በእናት አጥንት ለዓመታት የተከማቸ እርሳስ በእርግዝና ወቅት ወደ ደሟ ተመልሶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። የወተት ጥርስ ይህን ሁሉ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት መዝግቦ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔቸር ኮሙኒኬሽንስ የወጣ ጥናት የስዊድን መንትዮችን የወተት ጥርስ በሌዘር መርምሮ ነበር። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ጥርስ ውስጥ እርሳሱ ከፍ፣ ዚንኩና ማንጋኒዙ ዝቅ ያሉባቸው ወቅቶች ታይተዋል። ይህ ግኝት እርሳስ ኦቲዝምን ያመጣል ብሎ ለመደምደም አያበቃም። መርዙንና ጠቃሚውን ማዕድን ለያይቶ ማየት እንደማይበቃ ግን በደንብ ያሳያል።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ወስናለች። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በርና መስኮት ግን ዛሬም እየተላጠ ነው። እርሳስ ያለበት አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታባቸው ግቢዎችም አሉ። ስለዚህ ደም ላነሰው ልጅ የብረት ሽሮፕ ጽፎ መሸኘት ግማሽ ሕክምና ነው እላለሁ። የጤና ባለሙያዎች፣ ቤቱ መቼ እንደተቀባ፣ አባትና እናት ምን እንደሚሠሩ እባካችሁ ጠይቁ። ባትሪ ቤትና ጋራዥ የምትሠሩ ወላጆችም የሥራ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ልጅ አታቅፉ።