ምርመራ ከውጭ ቢመጣ ውርደት ነውን?





የጦር ሠራዊት በአንድ አነስተኛ ነገድ ላይ ግፍ ፈጽሟል የሚል አቤቱታ በተነሣ ቍጥር፥ «ዓለም አቀፍ መርማሪ ይምጣ» የሚሉት እንደ አገር ጠላት፥ «የራሳችንን ጉዳይ ራሳችን እንጨርሳለን» የሚሉት ደግሞ እንደ አገር ወዳድ ሲቈጠሩ እንሰማለን። ነገሩ ግን በዚህ ዓይነት የሚከፈል አይመስለኝም።

ለምሳሌ ያህል ሩቅ ሳንሄድ ከሸካ ማዶ ያለችውን ጋምቤላን እንመልከት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በአንድ መኪና ሲጓዙ የነበሩ 8 ሰዎች በሽፍቶች ተገደሉ። ገዳዮቹ አኙዋኮች ናቸው ስለ ተባለ፥ ሬሳው ከተማ በገባ ጊዜ ወታደሮችና ከደገኛው ነዋሪ መካከል የተነሡ ሰዎች በከተማይቱ አኙዋኮች ላይ ዘምተው ሰው ገደሉ፥ ቤት አቃጠሉ። የ8ቱ ሰዎች ሞት ታላቅ በደል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ወንጀለኛው ሳይለይ ነገዱ ሁሉ ዕዳ ከፋይ መሆን አይገባውም ነበር።

ይህ ለእኛ ለካፋ ሰዎች የባዕድ ወሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ ከመቶ 21 ያህሉ አኙዋክ ሲሆን፥ ከመቶ 5 ያህሉ ካፊቾ ነው። «ደገኛ» ከሚባሉት መካከል የእኛም ዘመዶች አሉ ማለት ነው። እውነቱ ተጣርቶ ካልወጣ በደለኛውና ንጹሑ በአንድ ስም እንደ ተጠሩ ይኖራሉ።

መንግሥት ነገሩን በዝምታ አላለፈውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት በአቶ ከማል በድሪ የሚመራ አጣሪ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ የሞቱት 65 መሆናቸውን፥ ከሠራዊቱ አባሎች መካከልም በድርጊቱ የተካፈሉ መኖራቸውን ገለጠ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚባለው ድርጅት ግን መጋቢት 1997 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ቍጥሩን እስከ 424 አደረሰው። በውጭ አገር የሚኖሩ አኙዋኮችም ነጻ የሆነ ዓለም አቀፍ ምርመራ እንዲደረግ አቤት አሉ።

እንግዲህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 359 ነው። 359 ሰው ወይ ሞቷል፥ ወይ አልሞተም። ሞተው ከሆነ ልጆቻቸው አባታቸው በመዝገብ እንኳ ያልተጻፈ ወላጅ አልባዎች ናቸው። አልሞቱም ከተባለ ደግሞ ሠራዊቱ ባልሠራው ሥራ ይወቀሳል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ያዥ ካዝናውን ራሱ ቈጥሮ «ጉድለት የለም» ብሎ ቢፈርም ማንም አይቀበለውም። ኦዲተር ሲላክበትም ሌባ ተባልሁ ብሎ አይቈጣም፤ ንጹሕ ከሆነ የኦዲተሩ ፊርማ መከታው ነው። ለብር የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ነፍስ ስለ ምን እንነፍጋለን?

የውጭ ዳኛ መጥራትስ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዠኔቭ ላይ ቆመው የኢጣሊያ ጦር በመርዝ ጋዝ ያደረሰውን እልቂት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አሰሙ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ አቤቱታ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ባዶሊዮና ግራዚያኒ የሚገኙባቸውን 10 ኢጣሊያኖች በተጠርጣሪነት መዘገበ። ሆኖም በአገራችን ላይ በፈጸሙት ግፍ ለፍርድ ሳይቀርቡ ቀሩ። ኃይለኛው ራሱን ይመርምር ሲባል ውጤቱ ምን እንደ ሆነ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

«የውጭ መርማሪ የራሱን ጥቅም ይዞ ይመጣል» የሚለውን ሥጋት አልንቀውም። ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በ21 ድጋፍ፥ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ያቋቋመው የባለ ሙያዎች ኮሚሲዮን መንግሥታችን ስላልተቀበለው ከአዲስ አበባ ውጭ ወጥቶ ሳይመረምር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራው አበቃ። ሌላ መንገድ ግን አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት የትግራይን ጦርነት በአንድነት መርምረው፥ የሁሉም ወገን ጦር ጥፋት መፈጸሙን ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ገልጠዋል። ስለዚህ የአገር ልጅና የውጭ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሥራት ይችላሉ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በዚህ ፖሊሲ መሠረት የ1996ቱ የጋምቤላ መዝገብ እንደ ገና ተከፍቶ፥ የራሳችን ዳኞችና በእኛው ጥሪ የሚመጡ የውጭ ባለ ሙያዎች በጋራ ቢመረምሩት፥ ምስክሮችም ያለ ፍርሃት ቢሰሙ፥ የአገር ክብር አይነካም። አገርን የሚያዋርደው ምስክር መጥራት ሳይሆን ምስክር እንዳይመጣ በር መዝጋት ነው።

አንድ መምህር
ከቢታ ገነት፥ ካፋ