የጤና መድንና የአዲሎ ቤተሰብ

በከምባታ በምትገኘው በአዲሎ ከተማ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ብቻውን አይቀርም። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ለቀብሩ የሚያስፈልገውንም ገንዘብ ከማኅበሩ ሣጥን አውጥቶ ይሰጣል። ይህ ልማድ በሐዲያም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ አገር የታወቀ ስለ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ነገር ግን ያው ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ በታመመ ጊዜ፥ አንዳንዱ ዕድር ጥቂት ቢረዳውም፥ ለሐኪምና ለመድኃኒት የሚከፍለውን የሚያገኘው ላሙን ሸጦ ወይም በወለድ ተበድሮ ነው። ለሞተው ሰው የተዘጋጀ የጋራ ገንዘብ ሳለ፥ መዳን ለሚችለው ሕመምተኛ ግን አለመዘጋጀቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በደቡብ ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ በዚሁ በከምባታ ያለው ዳምቦያ ነበር፤ የቀሩት ዳሞት ወይዴና ይርጋለም ናቸው። ስለዚህ የአዲሎ ሰው ነገሩን ከሩቅ አገር እንደ መጣ ወሬ አድርጎ ሊሰማው አይገባም። በዚያን ጊዜ በደቡብ ክልል የተቈረጠው መዋጮ ለአንድ ቤተሰብ በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የመድኃኒት ዋጋ ስለ ተወደደ፥ ይልቁንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ስለ ናረ፥ መዋጮው በዚያው ልክ ሊቆም እንደማይችል ግልጽ ነው።

መድን ማለት በጥንቱ አነጋገር ዋስ ማለት ነው። የጤና መድንም በትክክል ይኸው ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ዋስ ይሆናል፤ በሌላ ዓመት ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ማኅበርተኛው በዓመት አንድ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ ባላገሩ እህሉን ሰብስቦ ገንዘብ በሚያገኝበት ወራት፥ መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ይወስዳል። ሲታመም አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሕመሙ የሚብስ ከሆነ ጤና ጣቢያው ደብዳቤ ጽፎ ውል ወዳለበት ሆስፒታል ይልከዋል። ይህን ሥርዓት ዘሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የገሰገሰ ሰው ግን ከወጪው የሚበዛውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። መነጽር፥ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት ሲባል የሚደረግ ሕክምናም በመድኑ አይሸፈኑም። ይህ ሁሉ ሲመዘገቡ ተጠይቆ መታወቅ ያለበት እንጂ፥ በሽተኛ ተሸክመው ከሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የሚሰሙት መሆን የለበትም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከቤቴ የምትታመመው እናቴ ብቻ ስለ ሆነች፥ ስለ ምን እርስዋን ብቻ አላስመዘግብም?» የሚል ነው። መልሱ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት የታመመውን ብቻ የሚያስመዘግብ ቢሆን፥ ገንዘቡ በሦስት ወር አልቆ ማኅበሩ ይፈርስ ነበር። ስለዚህ መዝገቡ የሚከፈተው በቤተሰብ ነው፤ ባል፥ ሚስትና ልጆች አንድ ላይ ይገባሉ፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት ያለፈ ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ በዚያው ቤት ቢኖር ተጨማሪ ይከፈልበታል። ሕመም ሲጀምረው ሮጦ የሚመዘገብ ሰው እንዳይበዛ፥ አዲስ ገቢ ጥቂት ጊዜ እንዲጠብቅ የሚደረገውም ስለዚሁ ነው።

በከተማው ያለው አነስተኛ ነጋዴ ግን ነገሩ ይበልጥ ያደናግረዋል። ልብስ ሰፊው፥ የሻይ ቤት ባለቤቷ፥ እንጨት ሠሪው ደመወዝተኛም ባላገርም አይደሉም። ለደመወዝተኛ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የማኅበራዊ ጤና መድን ተደንግጎለታል፤ በደንብ ቁጥር 271/2005ም ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 3፥ ከአሠሪውም እንዲሁ ከመቶ 3 እንዲከፈል ተወስኖ ነበር። ሆኖም ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሲተላለፍ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ደመወዝተኛውም ከደመወዙ ተቈርጦ የሚያገኘው ሕክምና ምን ያህል የተሻለ እንደሚሆን መጠራጠሩ አያስወቅሰውም። የመድን ኩባንያዎች የሚሸጡት የሕክምና ውል ደግሞ በአብዛኛው ብዙ ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች የሚስማማ ነው። ስለዚህ ለአዲሎ ልብስ ሰፊ የቀረበው በር ያው ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ነው። ሁለት ቅጥር ሠራተኞች ያሉት እንደ ሆነም፥ እነርሱን በራሱ ቤተሰብ መዝገብ ሊደብቃቸው አይችልም፤ ነገር ግን የየቤታቸውን መዋጮ ከደመወዛቸው ሌላ ቢከፍልላቸው፥ ሠራተኛው በታመመ ቀን በብድር ከመጨነቅ ይድናል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ዕዳ ስለ ሆነ፥ «መድን አለህ» ብሎ ማምለጥ አይገባም።

አሠሪ ከሠራተኛው ጋር መዋጮ መካፈሉ አዲስ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1883 በወጣው ሕግ ከመዋጮው ሁለት እጁን ሠራተኛው፥ አንዱን እጅ አሠሪው ይከፍሉ ነበር።

ዋናው ችግር ግን ከመዋጮው መጠን ይልቅ በመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ነው። መታወቂያ የያዘ ሰው ተመርምሮ ማዘዣውን ሲያቀርብ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ቢባል፥ በሁለተኛው ዓመት መታወቂያውን እንዲያድስ ማን ሊያስረዳው ይችላል? የሚሆነውም እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያው በመድን ያከመበትን ሒሳብ ለወረዳው አቅርቦ ይከፈለዋል፤ በዚያም ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል። ክፍያው የዘገየ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ያልቃል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ማኅበርተኛው ይሸሻል፤ ማኅበርተኛው ሲሸሽ ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ ያንሳል። በሙከራዎቹ ወረዳዎች እስከ 2007 ዓ.ም. የገባው ቤተሰብ ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የቀረውን ሁሉ ድንቍርና አስቀረው ብሎ በባላገሩ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ደግሞም መክፈል ለማይችለው ድኃ መዋጮውን መንግሥት እንዲከፍልለት ተደንግጓል። ድኃውን የሚመርጠው ግን ቀበሌው ነው። ዘመድ ያለው ሰው ድኃ ተብሎ ተጽፎ፥ ጧሪ የሌላት አሮጊት ከመዝገብ ብትቀር፥ ገንዘቡ ለማን እንደ ዋለ አይታወቅም። ስለዚህ የተመረጡት ሰዎች ስም በሕዝብ ፊት ቢነበብ፥ ማን ድኃ እንደ ሆነ ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆሳዕናን አንዱ መቀመጫው አድርጎ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ የአዲሎ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብበት ደጅ ከቀድሞው ይልቅ ቀርቦታል። በሚመጣው የምዝገባ ወራት መዋጮ ሰብሳቢዎች ወደ ዕድሮቹ ሲሄዱ፥ ጤና ጣቢያው በያዝነው ዓመት ያቀረበው ሒሳብ ስንት እንደ ሆነ፥ ከዚያም ስንቱ እንደ ተከፈለው በወረቀት ጽፈው ይዘው ቢሄዱ፥ ዕድርተኛው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።