ስለ አንድ ትምህርት ቤት በር የተነሣ ክርክር

በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ትምህርት ቤት ለመማር የሚሹት ብዙዎች፣ ወንበሩ ግን ጥቂት በሆነ ጊዜ፣ ማን ይግባ፣ ማንስ በደጅ ይቅር የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የሚነሣ ብርቱ ጥያቄ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ ዳርቻ፣ በቨርጂንያ ግዛት በፌርፋክስ አውራጃ፣ የቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስነሣው ሙግት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በዚያ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች የሆኑ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉ፣ ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ነው። አዲስ የገቡት ተማሪዎች ሥነ ሕይወትን፣ የእንግሊዝኛን ቋንቋና ቴክኖሎጂን አጣምረው ይማራሉ፤ ወደ መጨረሻው ዓመት በደረሱም ጊዜ በሥነ ፈለክ፣ በውቅያኖስ ጥናት፣ በኮምፒዩተር ወይም በሌላ የዕውቀት ዘርፍ የራሳቸውን ምርምር ያካሂዳሉ። ከዚህ ትጋት የተነሣ በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎቹ የሠሯት ትንሽ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ጠፈር ተልካለች። እንዲህ ያለውን ትምህርት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ትምህርት ቤት በወላጆች ዘንድ እጅግ ቢፈለግ የሚያስደንቅ አይደለም።

እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ዋናው የመግቢያ በር ፈተና ነበር፤ አመልካቹም 100 ዶላር ይከፍል ነበር። ፈተናው ለሁሉም አንድ ቢሆንም ዝግጅቱ ግን አንድ አልነበረም፤ አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን በገንዘብ ሲያስጠኑ፣ የድኻው ልጅ በራሱ ጥረት ብቻ ይቀርብ ነበር። ስለዚህም ከተመረጡት መካከል የድኾች ልጆች ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉበት ጊዜ ነበር። የአውራጃው የትምህርት ቦርድ በዚሁ ዓመት ፈተናውንና ክፍያውን ሽሮ አዲስ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ከእያንዳንዱ የመካከለኛ ደረጃ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር 1.5 ከመቶ ለሚሆኑት ብልጫ ላሳዩ አመልካቾች ቦታ ይጠበቃል፤ የቀረው ቦታ በክፍል ውጤት፣ በጽሑፍና በኑሮ ሁኔታ ተመዝኖ ይታደላል። መዛኞቹ የአመልካቹን ስምም ሆነ ዘር አያዩም።

በ2021 ዓ.ም. በአዲሱ ደንብ ለ550 ተማሪዎች ጥሪ ሲደረግ፣ የድኾች ልጆች ከመቶ 25 ያህል ሆኑ፤ ጥቁሮች ከ1 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አሉ፤ የእስያ ተወላጆች ግን ከ73 ወደ 54 ከመቶ ዝቅ አሉ። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ የእስያ ተወላጆች የሆኑ ወላጆች፣ ደንቡ በልጆቻችን ላይ ያነጣጠረ ነው ሲሉ ተሟገቱ። በ2022 ዓ.ም. አንድ የፌዴራል ዳኛ ለከሳሾቹ ፈረደላቸው፤ በ2023 ዓ.ም. ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሁለት ድምፅ ለአንድ ፍርዱን ገለበጠው፤ በ2024 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ሲል፣ ዳኞቹ አሊቶና ቶማስ ብቻ ተቃወሙ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ በ2025 ዓ.ም. የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በደንቡ ላይ ምርመራ ከፍቷል።

የሁለቱም ወገን ቃል እውነት አለበት። ሌሊት ከቀን ያጠና ልጅ ድካሙ እንዳይናቅበት መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም ፈተና የልጁን አእምሮ ብቻ ሳይሆን የአባቱንም ኪስ የሚለካ ከሆነ፣ ፍጹም ሚዛን ነው ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ ስሙን የወሰደለት ጄፈርሰን ራሱ በ1779 ዓ.ም. ለቨርጂንያ ምክር ቤት ባቀረበው የሕግ ረቂቅ፣ ከየሰፈሩ ትምህርት ቤት ብልህ የሆኑ የድኻ ልጆች ተመርጠው በሕዝብ ገንዘብ እንዲማሩ አሳስቦ ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ የባሮችን ልጆች አልጨመረም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድም የሚከራከረው ያን በር እስከ ምን ድረስ እንክፈተው በማለት ነው።

ይሁን እንጂ የጠቡ ሥር ከመግቢያው ደንብ ይልቅ የወንበሩ ማነስ ነው። ከየትምህርት ቤቱ የተመረጠው ልጅ ሲገባ፣ አብሮት የተቀመጠው ጎበዝ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ በዚያ የሚጠብቀው ቤተ ሙከራና መምህር ከዚህኛው ያነሰ ከሆነ፣ ወላጁ በምንም ዓይነት ደንብ ቢሆን ማዘኑ አይቀርም። ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ጥቂቶችን የሚለይ ሚዛን ለማስተካከል የሚደክሙትን ያህል፣ የዚያን ቤት መልካም ትምህርት ወደ ሌሎቹ ለማድረስ ቢደክሙ፣ በደጅ መቅረት እንደ ዛሬው መራራ ባልሆነ ነበር።