የደላንታን ድንጋይ ስም አናጥፋ

ወንድሞቼ፣ በኦፓል ንግድ አብረን ያረጀን ሁሉ፣ ይህን የምናገረው ለወጣቱ አይደለም። ወጣቱ ድንጋይ ማጠንንም ሆነ ውሃ አጠጥቶ መመዘንን ከራሱ አላመጣውም፤ ከእኛ ሱቅ አይቶ ነው የተማረው። ስለዚህ ቃሌ ለእናንተ ነው።

መዘዞን አትርሱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከዚያ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ቡናማው ኦፓል ሲወጣ የውጭው ገዢ ተሻምቶበት ነበር። ብዙው ግን ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደው ድንጋይ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ተተረተረበት። ያ የድንጋዩ ጠባይ እንጂ የማንም ተንኮል አልነበረም። ሆኖም «የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል» የሚል ስም ትቶልን አለፈ። በ2000 ዓ.ም. በወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና ላይ ነጣ ያለው ኦፓል ሲገኝ እንኳ ገዢው በጥርጣሬ ነው የተቀበለው።

ጥርጣሬውን ያነሳልን ምርመራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም መጽሔት የወጣ ጥናት የወገል ጤና ኦፓል ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ እንኳ እንደማይጎዳ መሰከረለት። ዛሬ እንጀራ የምንበላው በእንዲህ ዓይነቱ ምስክርነት ነው። አሁን ደግሞ በገዛ እጃችን እያፈረስነው ነው።

የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ኅብረ ቀለሙ ይሰወርና ጠርቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ሲደርቅ መልኩ ይመለሳል። ይህ የተፈጥሮ ጸጋው ነው፤ ለአታላይ በር የከፈተለትም ይኸው ነው። ውሃ በሚገባበት ረቂቅ ቀዳዳ ጭስም ቀለምም ይገባል። አንዱ በወረቀት ጠቅልሎ ያጥነዋል፣ ጠቁሮ ይወጣል። ሌላው ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ሦስተኛው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ አንዳንዱ ድንጋይ በዚህ ብቻ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ክብደት ሊጨምር ይችላል። በካራት ለሚሸጥ ነገር ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከሁሉ የከፋው በስታይሽ የምንሠራው ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ስታይሽ ላይ፣ ከአፈሩ ጠቁሮ የሚወጣ ኦፓል ተገኘ። ያ ጥቁረት የራሱ ነው። ዛሬ ግን በጭስ የጠቆረውን የወገል ጤና ድንጋይ «ስታይሽ ነው» ብሎ የሚሸጥ ከመካከላችን አለ። ይህ ሰው ገዢውን ብቻ አይዘርፍም። እውነተኛውን ጥቁር ኦፓል የሚያወጣው የስታይሽ ልጅም ድንጋዩን ይዞ ሲመጣ የሚያምነው ያጣል።

ለቀለበት የሚገዛ ሰው መልኩን አይቶ ሊሄድ ይችላል። ሰብሳቢ ግን እንዲህ አይደለም። ድንጋዩን ከነአለቱ የሚፈልገው፣ ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው ንብር እንደወጣ ለማወቅ ነው፤ አብሮት የሚሄደው ወረቀት የዋጋው ግማሽ ነው። ለዚህ ሰው የተፈለጠ ኦፓል ከሌላ አለት ጋር በሙጫ አጣብቆ፣ ስፌቱን በድንጋይ ዱቄት ሸፍኖ ማቅረብ ታሪክ መፈልሰፍ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሐሰት ወረቀትም እንዲሁ ነው። እኛ ካለፍን በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በአገራችን ላይ ሲመሰክር ይኖራል።

አይታወቅብንም የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ቀለም በስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ በማጉያ መነጽር ይታያል። ጭስም ብዙ ጊዜ ከላይ ከላዩ ነው የሚይዘው፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የተታለለ ገዢ ደግሞ ተመልሶ አይጣላችሁም። ዝም ብሎ ፊቱን ወደ አውስትራሊያ ድንጋይ ያዞራል፤ ቢመለስ እንኳ ለንጹሑም ለታጠነውም እኩል የረከሰ ዋጋ ይጠራል።

ያንን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደላንታ ውስጥ ኦፓሉ ያለው ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ ንብር፣ ያውም በገደል ወገብ ላይ ነው። ልጆቹ በዶማና በመሮ ዋሻ እየፈለፈሉ ይከተሉታል። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተንዶ ወጣቶች ከአለት ሥር ሲቀሩ አገሩ እንዴት እንደተጨነቀ ሰምታችኋል። ዋጋ በወደቀ ቁጥር ያው ልጅ ያንኑ ገቢ ለማግኘት ጠልቆ መግባት አለበት። እኛ ጠረጴዛ ላይ የምንዋሸው ውሸት እዚያ ዋሻ ውስጥ ይደርሳል።

«ገዢው ራሱ ጥቁር ይፈልጋል» ስትሉ እሰማለሁ። ይፈልግ! የታጠነ መሆኑን ነግራችሁ፣ በታጠነ ዋጋ ሽጡለት፤ ማጠን በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ዝምታው ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ድንጋዩ ሳይደርቅ አትመዝኑ። የታጠነውን «የታጠነ»፣ የተቀለመውን «የተቀለመ»፣ የተጣበቀውን «የተጣበቀ» ብላችሁ በወረቀቱ ላይ ጻፉ። የወጣበትን ቦታ ካላወቃችሁ የቦታ ስም አትጻፉ። ይህን እንቢ የሚል ባልደረባ ሲገጥማችሁ፣ ወዳጃችሁም ቢሆን፣ ድንጋዩን አትግዙት፣ ገዢም አታገናኙት።