ለዒድ ስልክ ከመላካችሁ በፊት

ረመዷን ወደ ማገባደጃው ሲቃረብ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች መልካቸውን ይለውጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ መርፌና ስለ መድኃኒት ጾም ማፍረስ ይጠይቁኝ የነበሩ ሰዎች አሁን ስለ ዘካተል ፊጥርና ስለ ዒድ ወጪ ነው የሚያወሩኝ። ሰሞኑን እዚህ ከሚሴ አንዲት እናት ያመጣችልኝ ጥያቄ ግን ኪታብ ገልጬ የምመልሰው ዓይነት አልነበረም። «ሼህ፣ ሪያድ ያለው ወንድሜ ለልጅሽ ለዒድ ምን ልላክለት ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ስልክ ይላል። ስልክ እኮ አለው፤ ካሜራው አይረባም ነው የሚለኝ። ምን ልበለው?»

ልጁን አውቀዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። መድረሳ ሲመጣ ከኪሱ ከተጣለ ሬዲዮ የፈታው ማግኔት ወይም ቁራጭ ሽቦ አይጠፋም። የመስጊዳችን ድምፅ ማጉያ በተራዊሕ መሐል ሲዘጋ መጀመሪያ ተነስቶ ወደ ሽቦው የሚሄደው እሱ ነው፤ «ተው፣ ይይዝሃል!» ብዬ የምቆጣው ደግሞ እኔ። እናም «ስልኩ ይቅር፤ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ሳጥን ይላክለት» አልኳት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። የዚያን ዕለት መልሴ አጭር ነበር። በዞናችን ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ዱባይ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ስለሆነና ጥያቄው የብዙ ቤት ስለሆነ ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው።

የጀማሪዎች ኪት የሚባለው ጥቃቅን ክፍሎች የተሰበሰቡበት ሳጥን ነው። ኤልኢዲ የሚባሉ ባለ ቀለም ትናንሽ አምፖሎች፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድቡ ሬዚስተሮች፣ ትራንዚስተሮች፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ድምፅ የምታወጣ በዘር፣ ትንሽ ሞተር፣ የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫና አጫጭር ሽቦዎች ይኖሩታል። ከሁሉ የሚበልጠው ብሬድቦርድ የሚሉት ብዙ ቀዳዳ ያለው ነጭ ሰሌዳ ነው። ሽቦው በቀዳዳው ይሰካል፣ ይነቀላል፤ ብየዳ የለውም። ልጁ ቢሳሳት ነቅሎ እንደገና ይሰካል። እኛ በልጅነታችን ቁርኣንን የቀራንበት ሎሕ እንደዚሁ ነበር። ጽፈን፣ ቀርተን፣ በቃል ስንይዘው አጥበን በዚያው እንጨት ላይ የሚቀጥለውን እንጽፍ ነበር።

ይህን ያወቅኩት ግን ተሳስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወንድሜ ልጅ በሰው እጅ ከውጭ አገር ሮቦት መኪና አስመጣሁለት። ሳጥኑ ትልቅ፣ ሥዕሉም የሚያምር ነበር። በዒድ ማግስት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ከፈትነው። ለካስ መኪናው የሚነዳው በስልክ መተግበሪያ ነው፤ መተግበሪያው የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፤ ያኔ ደግሞ በአካባቢያችን ኢንተርኔት አልነበረም። ኔትወርኩ ሲመለስ ባትሪው ቻርጅ አልይዝ አለ። ባትሪው ለዚያ መኪና ብቻ የተሠራ እንጂ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። ልጁ ሁለት ቀን ተጫወተበት፤ ዛሬ መኪናው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ልጁን ይበልጥ የከፋው ግን መበላሸቱ አልነበረም። ካቻቢቴ ይዞ ከፍቶ ሊያየው ሲል እናቱ «ውድ ዕቃ ነው፣ እንዳትነካው» አለችው። እንዲማርበት ያመጣሁለት ዕቃ የማይነካ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ መግዛት የምታስቡ ወላጆችና አጎቶች፣ ሻጩን «ስንት ነገር ይሠራል?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ሲበላሽ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ አምፖል ብትቃጠል በጥቂት ብር የምትተካ፣ ልጁ ሲነካካው ማንም «ተው» የማይለው ዕቃ ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔትም በሚቆራረጥበት ከተማ ለምንኖር ደግሞ በተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሆን አለበት፤ ከማንኛውም የሰፈር ሱቅ የሚገኘው ትንሹ ድንጋይ። መመሪያውንም ገልጣችሁ እዩት። የኛ ልጆች በቤትና በትምህርት ቤት ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ፣ ከፍ ሲሉም በመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ይዘው ነው የሚያድጉት። መመሪያው የጽሑፍ ጋጋታ ከሆነ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ያደክማቸዋል፤ እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደሚገባ በሥዕል የሚያሳይ ከሆነ ግን አስተርጓሚ አይሹም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ሒሳቡን ያስረዳኝ የሰፈራችን የፊዚክስ መምህር ነው። አራት ድንጋይ ተደርድሮ 6 ቮልት ይሆናል። ቀይዋ ኤልኢዲ የምትፈልገው 2 ቮልት ገደማ ነው፤ የምትችለው ፍሰት ደግሞ 20 ሚሊአምፒር ያህል። የቀረውን 4 ቮልት ሬዚስተሩ ይሸከማል። 4 ለ0.02 ሲካፈል 200 ኦም ይመጣል፤ በሳጥኑ ውስጥ ለዚህ ቅርብ የሆነው ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ መስመር ያለው 220 ኦም ነው። ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ከተያያዘች ቦግ ብላ ትቃጠላለች። ይህ የኦም ሕግ ነው፤ ልጆቻችን ለፈተና የሚሸመድዱት። ዕድሜዬን በሒፍዝ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና መሸምደድን አልነቅፍም። ሆኖም ሁለት አምፖል አቃጥሎ ሦስተኛዋን ያበራ ልጅ ሕጉን በምን ይረሳዋል?

የሳጥኑን ጥቅም በዓይኔ ያየሁት በውኃ ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ የሚሰማ የለም፤ ጠዋት ግቢው ጭቃ ሆኖ ይገኛል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ የአንድ ደረሳዬ እህት፣ ሁለት ሽቦ ከሮቶው አፍ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አንጠለጠለች። ውኃው ሁለቱን ሽቦዎች ሲነካ በመካከላቸው በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ያቺ ፍሰት ብቻዋን በዘሩን አታስጮህም፤ ትራንዚስተሩን ግን ትከፍታለች። እሱ ሲከፈት ከድንጋዩ የሚመጣው ትልቁ ፍሰት ወደ በዘሩ ይለቀቃል። በቦርከና ዳር መስኖ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ አንድ ልጅ በእጁ የቦዩን አፈር ሲገፋ ውኃው ማሳውን ሙሉ ይሞላዋል። በመጀመሪያው ሌሊት እናትየዋ ድምፁን ሰምታ ሱሑር ያለፋት መስሏት ደንግጣ ተነሳች አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ግቢያቸው ደረቅ ነው።

ይህን የሠራችው ልጅ ሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንዱ ልጁ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ምስክር እንዲሆኑለት የጠየቃቸውን የኑዕማን ኢብኑ በሺርን አባት «ለሌሎቹስ?» ብለው እንደጠየቁትና ለመመስከር እንቢ እንዳሉ ኡስታዞቻችን አስተምረውናል። እኛ ግን ለወንዱ መሣሪያ፣ ለሴቷ ቀሚስ ገዝተን እኩል ያደረግን ይመስለናል። ቀሚሱ አይቅር፤ የዒድ ልብስ የልጅ ደስታ ነው። ነገር ግን ሴቷም ሳጥኑን ትክፈት። ካልሆነም አንዱ ሳጥን ለሁለቱ እንደሆነ በዒድ ጠዋት በሁሉም ፊት ይነገር፤ አለዚያ ታላቁ ወንድም ይዞት ይጠፋል።

ቤቱ ኮምፒውተር ካለ ሁለተኛው ደረጃ አርዱይኖ የሚሉት ትንሽ ሰሌዳ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው፤ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነም ርካሽ ቅጂዎቹ በዓለም ተሠራጭተዋል። ትእዛዙን በኮምፒውተር ጽፈህ ትጭንበታለህ፤ የመጻፊያው ፕሮግራም ደግሞ በፍላሽ ተቀድቶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዱ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ይህ ጥሩ ነው፤ ልጁ የጻፈው ኮድ አምፖል ሲያበራ ያያል። ኮምፒውተር የሌለው ቤት ግን ከዚህ አይጀምር። የኔ ሮቦት መኪና ታሪክ ይደገማል።

አደጋውን ሳልናገር ባልፍ አማናዬን እበላለሁ። ልጁ የሚሠራው በድንጋይ ብቻ ነው፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ምንም ነገር አያገናኝ፤ 220 ቮልት ይገድላል። የአሮጌ ስልክ ባትሪ እንዲፈታም አትፍቀዱ፤ ሲወጋ ወይም ኮንታክት ሲፈጥር ይቀጣጠላል። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች ክብ ባትሪ ካለች ለብቻዋ ቆልፉባት። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች፤ ዒድ ደግሞ ቤታችን በሕፃናት የሚሞላበት ቀን ነው። ብየዳው ቆይቶ፣ ከትልቅ ሰው ጋር፣ በር ተከፍቶ ይሁን፤ የሚበየድበት ነገር ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

አንዳንድ አባቶች «ልጄን ባለ እጅ ላደርገው ነው?» ይሉኛል፤ በስድብ ቃና። በወሎ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩና ሸማኔው ሲናቅ ኖሯል፤ የምናርሰው እሱ በሠራው ማረሻ፣ የምንሰግደውም እሱ በሸመነው ጋቢ ሆኖ ሳለ። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። አል ጀዘሪ የተባለው ሙስሊም መሐንዲስ በ1206 እ.ኤ.አ. በዲያርበኪር ኪታቡን ሲጨርስ ውስጡ የውኃ ሰዓቶች፣ ውኃ መሳቢያዎችና ለውዱእ ውኃ የሚያፈሱ መሣሪያዎች ነበሩበት። እኔ የማደንቀው መሣሪያዎቹን ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው ሊሠራቸው እንዲችል እያንዳንዱን ክፍል በሥዕል አስረድቶ ጽፏል፤ ሙያውን ደብቆ አልሞተም።

ሳጥኑ ልጅን ከስደት ያስቀራል አልልም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ከሚሴና ባቲ በጅቡቲና በየመን በኩል ስንቱን ሸኝተዋል። ሬሳቸው ላልመጣ ልጆች ሶላተል ጋኢብ አሰግጃለሁ። ያንን መንገድ የሚያስመርጠው ድህነቱ፣ የትምህርቱ መቋረጥ፣ ሥራ ማጣቱ ነው፤ በአንድ ሳጥን የሚፈታ አይደለም። ነገር ግን ያየሁትን ልናገር። ልጆቹ ሌሊት ሙሉ አዲሱን ስልክ ይዘው የሚያዩት ቀድመው የሄዱትን ነው፤ መኪና ተደግፈው፣ መነጽር አድርገው የተነሱትን ፎቶ። ያንን ስልክ የላከው አጎት ግን የሄደበትን መንገድ ያውቃል፤ የእህቱ ልጅ እንዲደግመው አይፈልግም።

ዘካተል ፊጥርና የሰው ዕዳ ከስጦታ ሁሉ ይቀድማሉ፤ ይህን ለከሚሴ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ሳጥኑ ሲመጣ ግን አንድ ትልቅ ሰው ከልጁ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ባያውቅም እንኳ ድንጋዩን ይያዝለት። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ለዒድ ወደ ቤቱ የሚመጣ ተማሪ በየሰፈሩ አይጠፋም። ሻይ ጠጣ ብላችሁ ጥሩት።

ያቺ እናት በነጋታው ስልኳን ይዛ መጣች። ለወንድሟ በድምፅ መልእክት እንድነግርላት ጠየቀችኝ። ብሬድቦርድ ያለው፣ በተራ ድንጋይ የሚሠራ፣ መመሪያው በሥዕል የሆነ፣ መተግበሪያ የማይጠይቅ እያልኩ ዘረዘርኩለት። ማታ ከኢፍጧር በኋላ መለሰ። «ሼህ፣ ዋጋውን አየሁት፤ ይሄ እኮ ካሰብኩት ስልክ በጣም ይረክሳል። የተረፈውን ምን ላድርገው?» አለ። እህቱ አጠገቤ ነበረች፤ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «ለሴቷም አንድ ጨምርበት፤ ድንጋዩን እኔ እዚህ እገዛለሁ» አለችው።